ለታመመ ወዳጅ ምን ብለን እንጻፍ?

የታመመን መጠየቅ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምራቸው ሰባት ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው። በሀገራችን ግን ትእዛዝ መሆኑን እንኳ ሳናስብ በልማድ ስንፈጽመው ኖረናል። አንድ ሰው ታሞ ተኛ ሲባል ጎረቤት ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ በርጩማ ስቦ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል፤ «አሜን፣ ያኑርህ» የሚል መልስ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ቢል ማንም አይታዘበውም፤ መቀመጡ ራሱ ንግግር ነውና። ጊዜው ሲደርስ ይነሣል፤ ምሕረቱን ተመኝቶ ይወጣል።

ወዳጃችን ከእኛ ርቆ ሲታመም ግን ይህ ሁሉ ይቀርብናል። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ሕክምና ጀምሮ ሕመሙ የጠናበት ሰው ሪፈር ተጽፎለት ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ከዚያም አልፎ አዲስ አበባ መድረስ ያለበት አለ። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 447 ኪሎ ሜትር ገደማ። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ ሀገራችን ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ ሕመምተኛው ዘመድ በሌለበት ከተማ ተራ እየጠበቀ ይሰነብት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭቱ ከተባባሰ በኋላም መንገድ በተዘጋባቸውና የኢንተርኔት አገልግሎት በተቋረጠባቸው ጊዜያት፣ ቅርብ የነበረው ሁሉ ሩቅ ሆኖብን እንደነበር የምናስታውሰው ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚቀረን ጽሑፍ ነው፤ በመንገደኛ እጅ የሚላክ ደብዳቤ ወይም የስልክ መልእክት። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ብዕር እንደ ያዝን እንቀራለን። «ትድናለህ» እንበለውን? ባይድንስ? «እግዚአብሔር ያውቃል» እንበለውን? ተስፋ የቆረጥንበት ቢመስለውስ? የተሻለ ቃል ስንፈልግ ሳምንታት ያልፋሉ፤ በመጨረሻም ምንም ሳንጽፍ እንቀራለን። በአልጋ ላይ የተኛው ሰው ግን ዝምታችንን በጎ አድርጎ የሚተረጉምበት ጉልበት የለውም። «ረሱኝ» ወይም «ተስፋ ቆረጡብኝ» ይላል። እንግዲህ ጥያቄው የቃላት አመራረጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። የማናውቀውን ነገር ለማጽናናት ስንል መናገር ይገባናልን? ዝም ማለትስ? ከሁለቱ ሌላ ፍቅር የሚሄድበት መንገድ አለን?

ደብዳቤያችን በጤና ይጀምራል

ችግሩ ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል። የአማርኛ ደብዳቤ ከጥንት ጀምሮ መክፈቻው ጤና ነው። የነገሥታቱ ደብዳቤ ሳይቀር የተቀባዩን ጤንነት ጠይቆ፣ የላኪውን ደኅንነት አስታውቆና እግዚአብሔርን አመስግኖ ነበር ወደ ጉዳዩ የሚገባው። እኛም ከወላጆቻችን «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነኝ» ብለን መጀመርን ተምረናል።

ይህ ሰላምታ ጤና ለሌለው ሰው ሲጻፍ ያስቸግራል። «ለጤናህ እንደምን አለህ?» ስንለው የሌለውን ነገር እንጠይቀዋለን፤ «እኔ ደኅና ነኝ» ስንለው በእኛና በእርሱ መካከል ያለውን ልዩነት እናሳየዋለን። ስለዚህ አንዳንዱ ሰላምታውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ምክር ይገባል። ነገር ግን የዚያን የቆየ ሰላምታ መካከለኛ ቃል ልብ እንበል፤ «ካንተ ናፍቆት በስተቀር» ይላል። ጸሐፊው ደኅንነቱ ሙሉ አይደለም ማለት ነው፤ የወዳጁ አለመኖር ከጤናው ላይ አጉድሎበታል። ይህ ቃል ወዳጁ ይድናል አይድንም አይልም፤ የማያውቀውን አይናገርም። የሚናገረው ጸሐፊው በእርግጥ የሚያውቀውን፣ የገዛ ልቡን ነው። የምንፈልገው የማጽናኛ ቃል ሁሉ የዚህ ዓይነት መሆን እንዳለበት ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

በእጃችን የሌለውን ተስፋ መስጠት

ብዙ ጊዜ ለታመመ ሰው የምንጽፈው የመጀመሪያው ነገር «በቅርቡ ድነህ ትመጣለህ» የሚል ነው። ከክፋት አይደለም፤ ምኞታችን ነው። ይሁን እንጂ ምኞትና ተስፋ ቃል አንድ አይደሉም። «እንድትድን እመኛለሁ፣ እጸልያለሁ» የሚል ሰው የራሱን ልብ ይናገራል። «ትድናለህ» የሚል ሰው ግን በእጁ የሌለውን ነገር ይሰጣል። ቃል መስጠት የሚችለው መፈጸም የሚችል ብቻ ነው።

ከሀገራችን ታሪክ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ሰው እናስብ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም በባዶ እግሩ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ የማራቶንን ሩጫ ያሸነፈ የዓለም ጀግና ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ። በእንግሊዝ ሀገር ወደሚገኘው የስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ። ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍል የመልካም ምኞት ካርዶች ይደርሱት ነበር፤ ንግሥት ኤልሣቤጥ 2ኛም ሄደው ጠይቀውታል።

እስኪ ራሳችንን ከእነዚያ ጸሐፊዎች እንደ አንዱ እንቁጠር። ለዚህ ሰው ምን ብለን እንጽፍ ነበር? በዓለም ሁሉ የታወቀው በእግሮቹ ነውና፣ ወደ ብዕራችን ቀድሞ የሚመጣው «እንደገና ትሮጣለህ» የሚለው ቃል ነበር። አበበ ግን ዳግመኛ ለመሮጥ ቀርቶ ለመራመድም አልቻለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ያሰኘው ይሆናል፤ በስድስተኛው ወር ግን ሸክም ይሆንበታል። ምክንያቱም ደብዳቤው «የምንፈልግህ ስትሮጥ ነው» የሚል ሌላ መልእክት በውስጡ ደብቋል። የማይድን ሰው «ትድናለህ» ያሉትን ሁሉ ያሳፈረ ይመስለዋል፤ ሕመሙ ሳያንሰው የወዳጆቹን ተስፋ አለመፈጸሙ ሌላ ዕዳ ይሆንበታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። አበበ እጆቹን ማንቀሳቀስ ሲችል የቀስት ውርወራ ተለማመደ፤ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተቀበላቸው መናገሩ ይታወቃል። «እንደገና ትሮጣለህ» የሚል ደብዳቤ ይህን ሕይወት አስቀድሞ ሊያየው አይችልም ነበር። «አንተ ለእኛ ያው አበበ ነህ» የሚል ደብዳቤ ግን ቢሮጥም ባይሮጥም፣ በወንበር ላይ ሳለም፣ በመጨረሻው ቀንም እውነት ሆኖ ይኖር ነበር። ለታመመ ሰው የሚጻፍ ቃል መፈተኛው ይህ ነው፤ ወዳጃችን ባይድንም ያ ቃል እውነት ሆኖ ይቆያልን?

በእውነትና በርኅራኄ መካከል

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። «እውነቱን መናገር ጭካኔ ሊሆን ይችላልና ለበሽተኛ ጥቂት ማታለል ምን ኃጢአት አለው?» የሚል ብዙ ነው። በባህላችን መርዶ እንኳ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማልደው በመሄድ በጥንቃቄ ያረዳሉ። የታመመ ሰው ልጁ ወይም ወንድሙ ቢሞትበት «እስኪሻለው ድረስ አይሰማ» ተብሎ ይደበቃል። የራሱም የሕመሙ ስም ብዙ ጊዜ ለቤተሰብ ይነገራል እንጂ ለእርሱ አይነገርም።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ ውሸትን በመቃወም በጻፈው መጽሐፍ ልክ ይህንኑ ጉዳይ አንሥቷል። አንድ በሞት አፋፍ ላይ ያለ በሽተኛ አንድ ልጁ ሞቶበት ሳያውቅ «ልጄ አለን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እውነቱም ይገድለዋል ተብሎ ቢያሰጋ ምን ይመለስለታል? ቅዱሱ ጥያቄውን ቀላል አላደረገውም፤ ሰው ነውና ልቡ በርኅራኄ እንደሚናወጥ አልሸሸገም። ቢሆንም ለመዋሸት አልፈቀደም። አንድ ጊዜ በርኅራኄ ስም በሩ ከተከፈተ ውሸቱ እየሰፋ እንደሚሄድ አይቷልና።

እኛ በዚህ ላይ መጨመር የምንችለው አንድ ልዩነት ነው። አለመናገርና መዋሸት አንድ አይደሉም። ደብዳቤ የሚጽፍ ወዳጅ ሐኪምም መርዶ ነጋሪም አይደለም። የሕመሙን ስም፣ የቀረውን ዕድሜ፣ ቤተሰቡ ሊነግረው ጊዜ የሚጠብቅበትን ነገር በደብዳቤ መግለጥ የእርሱ ድርሻ አይደለም። ሰው በሩቅ ከተማ ብቻውን ተኝቶ ሳለ በወረቀት መርዶ ቢደርሰው ጭካኔ ነው። ነገር ግን «ሐኪሞቹ ምንም አይደለም ብለዋል» ብሎ መፍጠርም አይገባም። በሽተኛ ሰውነቱን ከማንም በላይ ያውቃል። ሁሉም በዙሪያው እያስመሰሉ እንደሆነ ሲገባው እርሱም ያስመስላል፤ እነርሱ እንዳያዝኑ ብሎ «ተሽሎኛል» ይላል። እንዲህም ሆኖ ሁሉም እየተፋቀሩ ሁሉም ብቻቸውን ይቀራሉ። የውሸት ማጽናኛ ትልቁ ጉዳቱ ይህ ነው፤ በሽተኛው ፍርሃቱን የሚነግረው ሰው ያሳጣዋል።

ስለዚህ ወዳጅ በደብዳቤው ማድረግ ያለበት እውነትን መግፋት ሳይሆን ለእውነት በር መክፈት ነው። «የሚያስጨንቅህ ነገር ካለ ለእኔ ጻፍልኝ፤ እሸከመዋለሁ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃለች። ይግባ አይግባ የሚወስነው እርሱ ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ያበላሹት

ሌላው ስሕተት ስለ ሕመሙ ምክንያት መተንተን ነው። ቴማናዊው ኤልፋዝ፣ ሹሐዊው በልዳዶስና ናዕማታዊው ሶፋር የኢዮብን መከራ ሰምተው ከየሀገራቸው መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ እንደ በረታ አይተው አንዲት ቃል አልተናገሩም። እስከዚህ ድረስ የሀገራችን ሰው እንደሚያደርገው መልካም አደረጉ። የተሳሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው። መከራው የኃጢአቱ ዋጋ መሆኑን ሊያስረዱት ተነሡ፤ ለእግዚአብሔር ጠበቃ የሆኑ መሰላቸው። በመጽሐፉ መጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው።

የእነርሱ ንግግር በእኛም ደብዳቤዎች ውስጥ መልኩን ለውጦ ይገኛል። «እግዚአብሔር ሊፈትንህ ነው»፣ «ስለሚወድህ ነው ያመመህ»፣ «ይህን ያህል ባትደክም ኖሮ አይይዝህም ነበር»፣ «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» እንላለን። አንዳንዱ ውስጥ እውነት አይጠፋም፤ ሆኖም በሽተኛው ራሱ ስለ ራሱ ሊናገረው የሚችለው ነገር ሌላው ሲናገረው ፍርድ ይሆናል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1984 ስለ ክርስቲያናዊ የስቃይ ትርጉም ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ስቃይ ከክርስቶስ ስቃይ ጋር ሲተባበር ስለሚያገኘው ትርጉም በጥልቀት አስተምረዋል። መልእክታቸውን ወደ ፍጻሜው ያደረሱት ግን በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነው። ሳምራዊው ለቆሰለው ሰው የቁስሉን ምክንያት አላስረዳውም፤ ቆመለት፣ ቁስሉን አሰረለት፣ ለማደሪያው ከፈለለት። የስቃይን ትርጉም የሚያገኘው የሚሰቃየው ራሱ ከአምላኩ ጋር ሆኖ ነው፤ የእኛ ድርሻ መቆም ነው።

«አይዞህ» ማለት ምን ማለት ነው?

የትንቢት ቃል ካልተፈቀደልን፣ የትንታኔም ቃል ከጎዳ፣ ምን ይቀረናል? ቋንቋችን መልሱን ከያዘ ቆይቷል። «አይዞህ» የምንለው ቃል ነው።

ይህን ቃል በጥሞና እንመልከተው። «አይዞህ» ትድናለህ አይልም፤ አትድንምም አይልም። የሕመሙን ምክንያት አያስረዳም፤ ከሌላ ሰው መከራ ጋር አያወዳድርም። ጉልበት የሚያገኘው ከሚነገረው ነገር ሳይሆን ከተናጋሪው መቆም ነው። ለዚህም ነው በአማርኛ «አይዞህ ባይ» የሚለው ስያሜ አንደበተ ርቱዕን ሳይሆን ከጎን የሚቆም ሰውን የሚያመለክተው። «አይዞህ ባይ ያጣ ሰው» ስንል ንግግር ያጣ ማለታችን አይደለም፤ ሰው ያጣ ማለታችን ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈ አይዞህም ዋጋ የሚኖረው በስተኋላው የቆመ ሰው ሲኖር ነው።

ሕክምናም ይህንኑ ልዩነት ያውቃል። መዳን የማይቻልበት ደረጃ ላይ ሲደረስ የሚደረግ ነገር አበቃ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የማይድን ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ስቃይ ለማስታገስ ይሠራል። የእማሆይ ትሬዛ ደናግልም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሀገራችን ጠያቂ ላጡ ሕሙማንና በሞት አፋፍ ላሉ ሰዎች መጠጊያ ሆነዋል። እነዚህ ሁሉ «አድንሃለሁ» ሳይሉ «አልተውህም» የሚሉ ናቸው። ደብዳቤያችንም የእነርሱ ታናሽ እህት ናት።

ምን እንጻፍ?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ምእመናን በላከው መልእክት በምዕራፍ 2 ላይ አፍሮዲጡ ስለ ተባለ ሰው ይናገራል። ይህ ሰው ከፊልጵስዩስ ለጳውሎስ ስጦታ ይዞ ሄዶ ሳለ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ የሀገሩ ሰዎች መታመሙን በመስማታቸውም ይጨነቅ ነበር። ጳውሎስ ሲጽፍ ሦስት ነገር አደረገ። የሕመሙን ክብደት አልሸፈነም። ቢሞትበት ኖሮ ሐዘን በሐዘን ላይ ይጨመርበት እንደ ነበር ተናግሮ የራሱን ልብ አልደበቀም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍሮዲጡን በሕመሙ ሳይሆን በማንነቱ ጠራው፤ ወንድሙ፣ የሥራ ባልደረባው፣ አብሮት የሚዋጋ ወታደር አለው። እኛም ከዚህ ልንማር እንችላለን።

አንደኛ፣ ወዳጃችንን በሙሉ ማንነቱ እናናግረው። ሕመም ሰውን «በሽተኛው» ብቻ ያደርገዋል። አንዳንድ ጊዜ «እርስዎ» ይባሉ የነበሩ አባት ከአልጋ ሲውሉ «አንተ» ይባላሉ፤ የተከበሩ እናት እንደ ሕፃን ይባበላሉ። በደብዳቤያችን «ይማርዎት»፣ «አይዞዎት» ማለታችንን አንተው። አስተማሪውን እንደ አስተማሪ፣ ገበሬውን እንደ ገበሬ እናናግረው። ምክሩንም እንጠይቀው፤ ታማሚ ሰው ተቀባይ ብቻ መሆን ይሰለቸዋል።

ሁለተኛ፣ ያደረገልንን ነገር በስሙ ጠርተን እናመስግነው። «ጥሩ ሰው ነህ» ማለት ከአንገት በላይ ሊመስል ይችላል። «በዚያ ዓመት እህል ባጣሁ ጊዜ ዘር ያበደርኸኝ አንተ ነህ» ማለት ግን ሊካድ የማይችል እውነት ነው። ምስጋናን ለለቅሶ ቀን የምናስቀምጠው ለምንድን ነው? በቀብር የምንናገረውን ግማሹን ሰውየው በሕይወት ሳለ ቢሰማው ምንኛ በተጽናና ነበር።

ሦስተኛ፣ የቤቱንና የቀዬውን ወሬ እንንገረው። በሆስፒታል ግድግዳ መካከል ላለ የአዊ ሰው ድንቹ መቆፈሩ፣ ቀርከሃው መቆረጡ፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ጉም መውረዱ ትንሽ ወሬ አይደለም። በአካባቢያችን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። ለታመመ ፈረሰኛ «ለጥር 23 ትደርሳለህ» ማለት የማናውቀውን መናገር ነው፤ «ፈረስህን በየቀኑ ውኃ እያጠጣሁልህ ነው» ማለት ግን እውነትም እርዳታም ነው። ለዚህ ደግሞ ፈረሱን በእርግጥ ማጠጣት ያስፈልጋል። መልካም ደብዳቤ ጸሐፊውን ከወረቀቱ አንሥቶ ወደ ሥራ ይልከዋል።

አራተኛ፣ አናሰልቸው፤ ግን አንድ ጊዜ ጽፈን አንተወው። አጭር ይሁን፤ መልስ እንዲጽፍ አናስገድደው፤ ደግመን እንጻፍለት። ሕመም በጀመረ ሰሞን የሚጽፍ ብዙ ነው፤ በሦስተኛው ወር ግን ጥቂት ነው።

ለሌላው ሰው ለሚጽፉ

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን (ካቴኪስቶች) በዚህ ረገድ ልዩ ኃላፊነት አለባቸው። ጽሕፈት የማይችል ሰው «ለልጄ ጻፍልኝ» ብሎ ሲመጣ የሚጻፈው የመምህሩ ስብከት ሳይሆን የእናቲቱ ቃል መሆን አለበት። ቃሉ ሸካራ ቢሆን አናለሳልሰው፤ ልጇ የሚያውቀው ድምፅ ያ ነውና። በቤታቸው የሚነጋገሩት በአዊኛ ከሆነም በአዊኛ ይጻፍ። አዊኛ በፊደላችን ይጻፋል፤ በዞኑ ትምህርት ቤቶችም ልጆች ይማሩበታል። ሰው ሲጨነቅ የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ ሊጽናናም የሚገባው በዚያው ነው። ደግሞም ደብዳቤው በሌላ ሰው አፍ ሊነበብለት እንደሚችል እናስብ፤ ምስጢሩ በሰው ፊት እንዳይወጣ እንጠንቀቅ።

ታማሚው የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ጸበል የሚጠመቅ ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል። የሕመም አልጋ የክርክር ቦታ አይደለም፤ እርሱ በሚጸልይበት መንገድ አብረነው እንደምንጸልይ እንንገረው። የራሳችን ምእመን ከሆነ ደግሞ ስለ ቅብዓ ሕሙማን ምስጢር በጊዜው እናንሣለት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህ ምስጢር በመጨረሻው ደቂቃ ላይ ላሉ ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል። ካህን የሚጠራው ለመሰናበቻ ብቻ ከሆነ ግን ምስጢረ ጽናት የሆነው የሞት መልእክት ይመስላል።

የተናገርነው ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ያህል የሚከተለውን እንደ ምሳሌ አቅርበናል።

«ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ። እንዴት ውለህ እንዴት ታድር ይሆን እያልሁ አስብሃለሁ። ሕመሙ እንደ ጠናብህ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደምል አላውቅም፤ ዝም ማለት ግን አልቻልሁም። እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስምህን ጠርተን ጸልየናል። ድንቹ ተቆፍሮ ገብቷል፤ የታችኛውን ማሳ ልጆቼ አግዘዋል። ልጄ ታማ በነበረ ጊዜ በዚያ ዝናብ ተሸክመህ ዳንግላ ያደረስሃት አንተ ነህ፤ ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ‹ሰላም በልልኝ› ትልሃለች። ለመመለስ አትድከም። የከበደህ ነገር ካለ ግን ለእኔ ንገረኝ። በሚመጣው ሳምንት መንገደኛ አለ፤ ደግሜ እጽፍልሃለሁ። አይዞህ። ወንድምህ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ትንቢት የለም፤ ስብከት የለም፤ ውሸትም የለም። ሰውየው ቢድን ደስ እያለው ያስታውሰዋል፤ ባይድንም አንድ ቃሉ አይወድቅም።

ተስፋችን ወዴት ነው?

«እንግዲያው ለመዳን ተስፋ ማድረግ ይቅር ማለት ነውን?» የሚል ቢኖር፣ አይደለም። እስከ መጨረሻው እንጸልያለን፤ ሕክምናውን እንዲቀጥል እናግዛለን፤ ለመድኃኒቱና ለመንገዱ ገንዘብ እናዋጣለን። ነገር ግን ተስፋን ከትንቢት እንለያለን። ትንቢት ነገን አውቃለሁ ይላል፤ ተስፋ ነገን ሳያውቅ ለሚያውቀው ጌታ አደራ ይሰጣል። ክርስቲያናዊ ተስፋ ለዚህ ሕመም መልስ ባያገኝ የሚፈርስ አይደለም፤ ከመቃብርም ወዲያ ያያልና።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1992 ያቋቋሙት የሕሙማን ዓለም አቀፍ ቀን ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ የካቲት 11 ቀን ይታሰባል፤ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 4 ቀን ገደማ መሆኑ ነው። በየቁምስናችን በዚያ ቀን ከሚደረገው ጸሎት ጋር፣ ከቀዬአቸው ርቀው የተኙ ምእመናን ስም ተዘርዝሮ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደብዳቤ ቢጻፍ መልካም ነው እንላለን። ያን ቀን መጠበቅ ግን አያስፈልግም። እያንዳንዳችን «ምን እላለሁ?» እያልን ያቆየነው ደብዳቤ አይጠፋም። ቃሉ ያማረ ባይሆን ግድ የለም፤ እውነት ይሁን፤ ዛሬ ይጻፍ፤ በስተኋላውም ሰው ይቁም።

እግዚአብሔር ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ አስታማሚዎቻቸውንም ያበርታልን። አሜን።